ለሐኪም ጓንጉል የተደረገ አሸኛኘት

ጥሩሐረግ ያንን ዘመን ባሰበች ቁጥር ቀድሞ የሚመጣባት የአዮዲን ሽታ ነው። ከሰቆጣ ገበያ ከፍ ብላ በነበረችው ክሊኒክ ደጃፍ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ግድግዳውን ታከው ይቀመጡ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሽታው ይወጣል፤ ከሽታው ኋላ ነጭ ካፖርት የለበሰው ጓንጉል ብቅ ብሎ "ማነው የቀደመ?" ይላል። የሚለው በአገውኛ ነው። ያን ጊዜ የተቀመጠው ሁሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያለ ይስቃል። ታሞ የመጣ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ጥሩሐረግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም።

ጓንጉል የአምደወርቅ ልጅ ነበር። ሥራው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነው፤ ሕዝቡ ግን "ሐኪም ጓንጉል" ብሎ ነው የሚጠራው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው አማርኛ እንጂ የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቅ፣ ከሰሃላ ድረስ በእግሩ የመጣ በሽተኛ ሕመሙን በአስተርጓሚ አፍ ማስነገር ነበረበት። ሴት ደግሞ የሴትነት ሕመሟን በሚያስተረጉመው ዘበኛ ፊት ከመዘርዘር ሳትናገር መመለስን ትመርጣለች። ጓንጉል ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። የት ጋ ነው የሚያምሽ ብሎ በገዛ ቋንቋቸው ሲጠይቃቸው፣ መጀመሪያ አፍረው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ የማይናገሩት ነገር የለም።

ጥሩሐረግ ራሷ ለእሱ የነበራት አክብሮት ከሌላው ይበልጥ ነበር። የበኩር ልጇን አመተ ሥላሴን ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት፣ አዋላጆቹም ተስፋ ቆርጠው ዳዊት ይደገምላት በተባለ ጊዜ፣ ባሏ ምንዋጋው ሮጦ ጓንጉልን ይዞት መጣ። እናቷ ወንድ አይገባም ብለው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጓንጉል ጫማውን አውልቆ "እናቴ፣ እኔም ከሴት ነው የተወለድኩ፤ ያሳልፉኝ" አላቸው። አሳለፉት። ልጅም እናትም ተረፉ።

ምንዋጋው የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ነበር። ከየጁ መጥቶ እሷን ያገባ ጊዜ "እርስዎ" እያለች ነበር የምታነጋግረው፤ እሱ ደግሞ "እርስዎ ስትይኝ አባቴ ከኋላዬ የቆሙ እየመሰለኝ እዞራለሁ" እያለ ያስቃት ነበር። አንተ ለማለት አንድ ክረምት ፈጀባት። ከማስተማሩ ሌላ አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ የዋግ ወኪል ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ዝናብ ሲዘገይ፣ አንበጣ ሲታይ፣ አዲስ ክፍል ሲሠራ ይጽፍና በሚወጣው መኪና ይልካል። ጋዜጣውም እንደዚሁ በመኪና፣ አንዳንዴ ዜናው ካረጀ በኋላ፣ ይመጣለታል። ስሙ አይወጣም፤ "ከወኪላችን" ነው የሚለው። ያችን ቃል ባየ ቁጥር ግን በጣቱ ነካ አድርጓት ያልፍ ነበር።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ጓንጉል ሊዛወር ነው የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ እሱ ራሱ ለበሽተኞቹ መናገር ጀመረ፤ መድኃኒታችሁን እንዲህ እያደረጋችሁ ጨርሱ፣ እኔ አልኖርም አላቸው። በምትኩ ማን ይመጣል ሲሉት አላወቀም። ሽማግሌዎቹ መሪጌታ ወልደ ጻድቅን አስቀድመው ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ትእዛዙ ከላይ ነው ተባሉ። ከላይ ማለት የት እንደሆነ የነገራቸው የለም።

የሚወስደው መኪና የመጣው በገበያ ቀን ነበር። ላንድሮቨር ናት፤ ከደሴ አንድ ተቆጣጣሪና ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ይዛ ነው የገባችው። ጥሩሐረግ ለጓንጉል ስንቅ ጭኮ አዘጋጅታ፣ ልጇን አዝላ፣ ልትሰናበተው ወጣች። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። መንገዱ ገበያውን ለቆ ቁልቁል በሚታጠፍበት ቦታ ስትደርስ ግን ሴቶች ተሰብስበው አገኘች። የገበያውን ማር ሻጭ አገኘሁሽን አየቻት። አገኘሁሽ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ በአማርኛ ከሰላምታ በቀር የማትናገር ሴት ነበረች። ያን ቀን የማሩን እንስራ መንገዱ መሃል አስቀምጣ አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለቻት ጥሩሐረግ።

"ደክሞኝ አረፍኩ" አለች አገኘሁሽ። "አንቺ አልደከመሽም?"

ጥሩሐረግ ቆማ ቀረች። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መኪናይቱ ስትመጣ ድምፅዋ ይሰማል። ልጅቱ ከጀርባዋ ተንፈራገጠች፤ ያን ጊዜ ከአገኘሁሽ ጎን ቁጭ አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ወንዶቹ ከኋላ ቆሙ፤ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጥላቸውን ዘርግተው ከፊት መጡ።

መኪናይቱ ጓንጉልን አሳፍራ ደርሳ ቆመች። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ የተነሣ የለም። ተቆጣጣሪው ወረደ። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአገውኛ መናገር ጀመሩ፤ ሐኪማችንን አትውሰዱብን፣ ብትወስዱትም ሌላ ሳትሰጡን አትሂዱ፣ ልጆቻችን ይሞታሉ ነበር የሚሉት። ተቆጣጣሪው አብሮት የነበረውን የአውራጃ ጸሐፊ "ምን ይላሉ?" ሲል ጠየቀው። ጸሐፊው ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል። ላብ ላብ አለው፤ ወደ መሪጌታ አየ፣ ወደ ሴቶቹ አየ፣ መጨረሻ ላይ "እየመረቁት ነው ጌታዬ" አለ። ጥሩሐረግ ይህን በጆሮዋ ሰማች። ካሜራ የያዘው ጎልማሳ ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ፎቶግራፉን አነሣ።

ከዚያ ፖሊሶች መጡ። አልደበደቡም፤ ግን ሴቶቹን በክንዳቸው እየያዙ ሊያነሡ ሲታገሉ የአገኘሁሽ እንስራ ተንከባሎ ተሰበረ። ማሩ አፈሩ ላይ ፈሰሰ። ጓንጉል ይህን ሲያይ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ፊታቸው ተንበረከከ።

"እናቶቼ" አላቸው በአገውኛ፣ "እኔ ነኝ ያሳደምኳችሁ ይባላል። እንጀራዬን ነው የምታሳጡኝ። ስለ እኔ ብላችሁ ተነሡ።"

መጀመሪያ የተነሣችው አገኘሁሽ ናት። ጭቃ የሆነውን ማር ከቀሚሷ ጠረገችና እጁን ይዛ አነሣችው። ሁሉም እያለቀሱ መንገዱን ለቀቁ። መኪናይቱም ቀስ ብላ ስትሄድ ከኋላ ከኋላ ተከትለው፣ ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ እየመረቀ፣ እስከ ወንዙ ሸኙት። ጥሩሐረግ ጭኮውን በመስኮት ሰጠችው። በኋላ ያንን ቀን ስታነሣ ይህንንም ሳትደብቅ ትናገራለች፤ የሸኙትስ ሸኝተውታል።

ምንዋጋው ሁሉንም ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆሞ አይቷል። ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ጥሩሐረግ ይቆጣኝ ይሆን ብላ ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን የጻፈውን አነበበላት። "የሰቆጣ ሕዝብ ሐኪሙ እንዳይወሰድበት በእንባ ለመነ" የሚል ነበር።

"በእንባ ብቻ?" አለችው።

"አላለቀሳችሁም?"

"አልቅሰናል። ግን መጀመሪያ ተቀምጠናል። ለቅሶማ ለሞተም ይለቀሳል።"

ምንዋጋው ብዕሩን ይዞ ብዙ አሰበ። ከዚያ ሰረዘና "መንገድ ላይ ተቀምጦ፣ ምትክ ካልተሰጠው እንደማይነሣ ገለጸ" ብሎ ጻፈ። እንስራው መሰበሩንም ጻፈ። ኋላ ሸኝተው መመለሳቸውንም ጻፈ። አጥፎ አሸገውና በሚወጣው መኪና ላከው።

ጋዜጣው የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲያስገመግም ነው። የደረሰው ለምንዋጋው ብቻ አልነበረም፤ ለጽሕፈት ቤቱም ይመጣ ስለነበር፣ እሱ ክፍል ውስጥ ሳለ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተነበበ። ርእሱ "የሰቆጣ ሕዝብ ለድሬሰር ጓንጉል ደማቅ አሸኛኘት አደረገ" ይላል። ሕዝቡ ለጤና አገልግሎት ያለውን ምስጋና ገልጾ፣ በእልልታና በምርቃት ሸኘው ይላል። ከፎቶግራፉ በታች ደግሞ "የሰቆጣ ሴቶች እንደ ባህላቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ደስታቸውን ሲገልጹ" ተብሎ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ "ከወኪላችን" የምትለው ቃል አለች።

ምንዋጋው በዚያ ሳምንት ከሰው ያየውን ፊት ጥሩሐረግ ሁልጊዜ ታስታውሰዋለች። ማንም አልሰደበውም። ሰላምታ ግን አጠረ። በጓሮ በር ቅቤ ወይም ዕንቁላል እያመጡ "ለመምህር" የሚሉት የተማሪ እናቶች ጠፉ። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይቆማል። አንድ ቀን መሪጌታ ወልደ ጻድቅ መንገድ ላይ አስቁመው፣ በለሰለሰ ድምፅ "መምህር፣ ያን ቀን የት ነበሩ?" አሉት። አልፈውም ሄዱ። ምንዋጋው ቤት መጥቶ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

"ለምን አትነግራቸውም?" አለችው ጥሩሐረግ በማግስቱ።

"ምን ብዬ? ሌላ ነው የጻፍኩት ብል ማን ያምነኛል? የታተመው እኮ ያ ነው።"

"እኔ ሰምቼዋለሁ።"

"አንቺ ሚስቴ ነሽ።"

"ሚስትህም ነኝ፣ መንገዱ ላይም ተቀምጬአለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ጸበል ጻዲቅ ሲቀማመስ ጥሩሐረግ ተነሣች። ሴት በወንዶች መሃል ቆማ መናገር የተለመደ አልነበረም፤ ነጠላዋን አስተካክላ መሪጌታን "ይፍቱኝ፣ የምናገረው አለኝ" አለች። ፈቀዱላት። በአገውኛ ነው የተናገረችው። ባሏ የጻፈውን፣ እሷ ያስጨመረችውን፣ አንድ በአንድ በቃሏ አለችው። ስታበቃ አገኘሁሽ ከሴቶቹ መሃል "እንስራዬንም ጽፎት ነበር?" ብላ ጠየቀች።

"ጽፎታል።"

"የማር መሆኑንም?"

"የማር መሆኑንም።"

አገኘሁሽ ራሷን ነቀነቀች። "እንግዲያ ወረቀቱ ነው የዋሸ፤ ሰውዬውን ተዉት" አለች። በዚያው አበቃ። መሪጌታ ምንዋጋውን ጠርተው ከአጠገባቸው አስቀመጡት፤ ዳቦውንም በእጃቸው ቆርሰው ሰጡት። ምንዋጋው ተቀብሎ ሲጎርስ ጥሩሐረግ ከሩቅ አየችው።

ደሴ ሄደን በአፋችን እንንገር የሚለው ሐሳብ የተነሣው እዚያው ነው። መሪጌታ፣ አገኘሁሽና ጥሩሐረግ ተመረጡ። ምንዋጋው ሥራውን ትቶ ሊሄድ አይችልም፤ ጡት የጣለችውን ልጅ ከአያቷ ጋር ሊጠብቅ ቀረ። ማለዳ ስንቋን ጠቅልሎ በገመድ ሲያስር፣ ፈትቶ እንደገና ሲያስር፣ "መኪና ውስጥ ሲያዞርሽ ሩቅ ሩቁን እያየሽ" ሲላት፣ ያን ሁሉ ዛሬም ፊቷ ላይ ታየዋለች። እስከ ኮረም በእግርና በበቅሎ፣ ከኮረም በአውቶቡስ ሄዱ። አገኘሁሽ አውቶቡሱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የማርያምን ስም ስትጠራ ውላ፣ ወልዲያ ላይ ስትወርድ "ይሄን ነው ሰው የሚወደው?" ብላ መሪጌታን በሳቅ ገደለቻቸው።

ደሴ ያለው የጤና ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። ብዙ ካስጠበቃቸው በኋላ አስገባቸው፤ ወንበርም ሰጣቸው። መሪጌታ የመጡበትን ሲነግሩት ግንባሩን ቋጠረ። መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ጋዜጣ አወጣ።

"አልገባኝም አባ" አለ። "እናንተ እኮ በደስታ ነው የሸኛችሁት። ይኸው ተጽፏል። ተነሥታችሁ አሁን ተወሰደብን ማለት እንዴት ይሆናል?"

መሪጌታ ጋዜጣውን አዩና ወደ ጥሩሐረግ ዞሩ። ጥሩሐረግ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። በፎቶግራፉ ላይ ጣቷን አደረገች።

"ጌታዬ፣ ይቺ እኔ ነኝ። ይቺ ደግሞ እሷ ናት" አለች አገኘሁሽን እያሳየች። "ይሄ እንስራዋ ነው፤ ገና አልተሰበረም።"

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ወደ ወረቀቱ ጎነበሰ፤ ከዚያ ወደ ሁለቱ ሴቶች አየ።

"እርስዎ አገር ሰው ሲሸኝ እንዴት ነው?" አለችው።

"ምን ማለት?"

"ቁጭ ብሎ ነው የሚሸኘው?"

"ተከትሎ ነው እንጂ፤ በር ድረስ፣ መንገድ ድረስ።"

"እኛም እንደዚያው ነን" አለች። "የተቀመጥነው እንዳይሄድ ነው።"

ኃላፊው ሳይታሰብ ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። "ጋዜጣውን እኔ አልጻፍኩት" አለ። አገኘሁሽ ምን አለ ብላ ጠየቀች፤ ጥሩሐረግ ነገረቻት። አገኘሁሽ ደግሞ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ስለ ልጇ ልጅ ዓይን፣ ጓንጉል በቅባት እንዳዳነው፣ የታናሽ ወንድሙ ዓይን ደግሞ እያየችው እየጠፋ መሆኑን። ጥሩሐረግ አንዱን ሳታስቀር ተረጎመችው። ሰውዬው እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

"ጓንጉልን አልመልስላችሁም" አለ በመጨረሻ። "የሄደበት ቦታም እንደናንተው ሐኪም አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ነው ያለው። እነሱም አሁን በሩ ላይ ተቀምጠዋል።"

ጥሩሐረግ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። የማታውቃቸው ሴቶች ልጅ አዝለው፣ የማታውቀው ግድግዳ ጥግ፣ ጓንጉል ብቅ እስኪል ሲጠብቁ ታዩዋት። መሪጌታም "እንግዲያ እሱ እዚያው ይሁንላቸው፤ ለእኛም ሰው ይስጡን" አሉ።

ከመስከረም በኋላ፣ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ ገብረ አምላክ የሚባል ልጅ እግር ድሬሰር መጣ። አገውኛ አያውቅም። ጥሩሐረግ ሴቶቹ እንዳያፍሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎኑ ቆማ ታስተረጉምለት ጀመር፤ እሱም እየተሳሳተ፣ እየሣቁበት ተማረ። ጋዜጣው ይህንንም አወጣው፤ ባለሥልጣኖቹ ለሕዝቡ ጤና በማሰብ ለሰቆጣ ሐኪም መመደባቸውን ይገልጻል። ስለ መንገዱ፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ደሴው ጉዞ አንድም ቃል የለበትም። ምንዋጋው እያነበበ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እሱ ግን መጻፉን አልተወም፤ የወጣም ያልወጣም ብሎ ያየውን ይልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለጥሩሐረግ የጨዋታ ዓመታት ናቸው። በዓል ሲሆን ጎረቤት ቤታቸው ይሰበሰብና ያ ቀን ይነሣል። አገኘሁሽ ስታወራው ላንድሮቨሯ ጉልበቷን ነክታ ነው የቆመችው። ሌላዋ መኪናው ገና ሩቅ ነበር ትላለች። መሪጌታ ፖሊሱ ጥላቸውን ነጥቋል ይላሉ፤ ጥሩሐረግ ጥላው ከእጃቸው ሳይወጣ አይታለች። ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ምንዋጋው ግን ማንንም አያርምም ነበር፤ ጠላውን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ፊት እያየ ያዳምጣል። አንድ ጊዜ ለምን ዝም ትላለህ ብትለው፣ "አጥር አጠገብ ቆሜ ያየሁት ትንሽ ነበር፤ አሁን ነው ሙሉውን ያየሁት" አላት።

ምንዋጋው በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ታሞ ብዙም ሳይተኛ አረፈ። መሪጌታም ተከተሉት። ከዚያ ዝናቡ እምቢ ያለበት ክፉ ጊዜ መጣ፤ የሰው ፊት ጠቆረ፣ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ወደ መኪና መንገዱ ወረደ። በዚያም ዓመት ራዲዮኑ ስለ ዋግ ዝም ብሎ ነበር።

በስድሳ ስድስት፣ ወደ ፋሲካ ገደማ፣ ጥሩሐረግ ቤት ተከራይታ የምትኖረው አስተማሪ ውዴ ከደሴ ተመለሰች። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሠራተኛው አደባባይ መውጣቱን ሰቆጣ በወሬ ሰምቷል። ማታ ራዲዮኑን ከፈቱ። ተናጋሪው ጥቂት ሥርዓት አልበኞች ሁከት ለመፍጠር መሞከራቸውን፣ ጸጥታም መከበሩን በተረጋጋ ድምፅ ተናገረ።

ውዴ ብድግ አለች። "ጥቂት? እትዬ፣ መንገዱ እኮ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኔ ነበርኩ።"

ጥሩሐረግ አየቻት። ልጅቷ ደርቃለች፤ አንድ ጫማዋ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። ምንዋጋው ቢኖር ይህን እንዴት በወደደው፣ ወንበሩን ጎትቶ እንዴት በቀረባት ብላ አሰበች። ተነሥታ ራዲዮኑን ዘጋችው። አመተ ሥላሴን ከጓዳ ጠራቻትና ከጎኗ አስቀመጠቻት።

"ቁጭ በይና ከመጀመሪያው አውሪን" አለቻት። "ጫማሽስ የት ነው የተበጠሰ?"

ውዴ ጫማዋን ዝቅ ብላ አየች፤ ፈገግ አለችና መናገር ጀመረች።